ቁጥሩን ያመጣሽው አንቺ ነሽ

ልጄ፣ በታሸገ ውሃ ፋብሪካው የጥገና ክፍል መቀጠርሽን ከአባትሽ ሰምቼ ደስ ብሎኛል፤ እግዚአብሔር ያበርታሽ። የላክሽልኝን ጥያቄም በጥሞና አነበብኩት። በመሙያው መስመር ፓነል ላይ ያለው ቆጣሪ የጠርሙሱን ድምር በትክክል ይይዛል፤ የፍጥነት ንባቡ ግን ወዲያና ወዲህ ይዘልላል፤ ኦፕሬተሮቹም «እሱን ተዪው» ብለውሻል። እኔ ዕድሜዬን በፈጀሁበት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካም ነገሩ እንዲሁ ነበር። ስለ ድምሩ የሚያማርር ሰው ብዙም አይመጣም ነበር፤ ስለ ፍጥነቱ ግን የማያማርር አልነበረም።

ድምር የተፈጸመ ነገር መዝገብ ነው። ጠርሙስ አለፈ፣ አንድ ተጨመረ፣ አለቀ። ፍጥነት ግን ድምር ለጊዜ ሲካፈል የሚገኝ ነው፤ የጊዜውን ርዝመት የሚመርጠው ደግሞ ቁልፉን የተጫነው ሰው ነው። ስለዚህ ማሳያው ላይ ከሚበራው ቁጥር ግማሹ የማሽኑ ነው፣ ግማሹ የአንቺ። ከዚህ በታች የምነግርሽ ሁሉ ከዚህ የሚመነጭ ነው።

1. ቁልፍ ከመንካትሽ በፊት ቁጥሩን ማን እንደሚያነበውና አንብቦ ምን እንደሚያደርግ ጠይቂ። ኦፕሬተሩ መስመሩን ለማፍጠን ወይም ለማቀዝቀዝ ያየዋል፤ እሱ የሚፈልገው የረጋ ቁጥር ነው። የፈረቃ ኃላፊዋ ከዕቅዷ ጋር ታስተያየዋለች፤ ዕቅዷ በሰዓት በጠርሙስ የተጻፈ ከሆነ ቁጥሩም በሰዓት በጠርሙስ ይሁን እንጂ በደቂቃ አድርገሽ በ60 እንድታባዛ አታስገድጃት። ከቆጣሪው ጀርባ ያለው ሪሌይ ደግሞ አያነብም፤ ዝም ብሎ ይታዘዛል፤ ለሱ የሚያስፈልገው ፈጣን ቁጥር ነው። እነዚህን ሦስቱን በአንድ ሴቲንግ ማስደሰት አይቻልም። ማንን እንደምታስቀድሚ ሳትወስኚ ሜኑ ውስጥ ከገባሽ ቀኑን ሙሉ ስትነካኪ ትውያለሽ።

ሌላም መለየት ያለብሽ ነገር አለ፦ የማሽን ፍጥነትና የምርት ፍጥነት አንድ አይደሉም። ሴንሰሩ መሙያው ሻፍት ላይ ካለ ባዶ ኪስም እንደ ጠርሙስ ይቆጠራል፤ ግን ንባቡ ወጥ ነው፣ አይዘልልም። ሴንሰሩ መውጫው ኮንቬየር ላይ ካለ እውነተኛ ጠርሙስ ይቆጥራል፤ ግን ጠርሙሶቹ አንዳንዴ ተጠጋግተው፣ አንዳንዴ ተራርቀው ስለሚመጡ ንባቡ መዝለሉ አይቀርም። የአንቺ ኦፕሬተሮች «እሱን ተዪው» ያሉሽ በዚህ ምክንያት መሆኑን እጠረጥራለሁ። ቆጣሪው ያየውን ነው የተናገረው።

2. ያለውን ሴቲንግ ሳትመዘግቢ ምንም አትለውጪ። ከመጀመሪያው ሜኑ እስከ መጨረሻው እያለፍሽ በስልክሽ ፎቶ አንሺው። ከውጭ ያገለገለ ማሽን ሲገዛ ማኑዋሉ አብሮ የማይመጣበት ጊዜ ብዙ ነው፤ በመሣሪያው ጎን ላይ የተለጠፈውን የሞዴል ቁጥርም አብረሽ አንሺ። ወደ ፋብሪካ ሴቲንግ የሚመልሰውን ትእዛዝ ደግሞ ሌላ መንገድ እስኪጠፋ ድረስ አትንኪው።

3. ሴንሰሩ የሚልከው አንድ ፐልስ ምን ማለት እንደሆነ በዓይንሽ አይተሽ አረጋግጪ። ወረቀት ላይ «በዙር 1» ተብሎ ተጽፎ ሻፍቱ ላይ ግን ሴንሰሩ የሚያየው ሁለት ብሎን ሊኖር ይችላል። ማሽኑ ቆሞ፣ ኃይሉ ተቆልፎ፣ ሻፍቱን በእጅ አዙሪና የሴንሰሩ መብራት በአንድ ዙር ስንት ጊዜ እንደሚበራ ቁጠሪ። ኢንኮደር ከሆነ በዙር የሚሰጠው የፐልስ ብዛት አካሉ ላይ ተጽፏል። ሴንሰሩ ከማርሽ ሳጥኑ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ይህን ጥያቄ የረሳ ሰው ቁጥሩ አሥር እጥፍ ሲሆንበት መሣሪያውን ይወቅሳል።

የውሃ ጠርሙስ የራሱ ጣጣ አለው። ጠርሙሱ ብርሃን አሳላፊ በመሆኑ ፎቶሴሉ የፊቱን ጠርዝና የኋላውን ጠርዝ ለየብቻ አይቶ ለአንድ ጠርሙስ ሁለት ፐልስ ሊሰጥ ይችላል። የአንቺ ድምር ትክክል ስለሆነ ይህ በሽታ የለብሽም፤ ሌላ መስመር ላይ ካጋጠመሽ ግን ሴንሰሩን ወደ ክዳኑ ከፍ አድርጊው፤ ክዳን ብርሃን አያሳልፍም።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። በደቂቃ ስንት ዙር እንደሆነ ለማወቅ በሴኮንድ የሚመጣውን ፐልስ በ60 ታባዢና በዙር ባለው የፐልስ ብዛት ታካፍያለሽ። ባለ 60 ጥርስ ዊል የተወደደው ለዚህ ነው፤ በሴኮንድ የመጣው ፐልስ ራሱ በደቂቃ ያለው ዙር ይሆናል፣ ማባዛትም ማካፈልም የለም። እንደ እኛ የጨርቅ ርዝመት የምትለኪ ከሆነ ጨርቁ የሚያልፍበት ሮለር ዙሪያ ይገባበታል። ለምሳሌ 200 ሚሊሜትር ዲያሜትር ያለው ሮለር ዙሪያው 628 ሚሊሜትር ነው። በዙር 1,000 ፐልስ የሚሰጥ ኢንኮደር ከተገጠመበት በአንድ ሜትር 1,592 ገደማ ፐልስ ይመጣል። ጨርቁ በደቂቃ 120 ሜትር ሲሄድ በሴኮንድ 2 ሜትር ማለት ነውና ቆጣሪው ጋ የሚደርሰው 3,183 ኸርዝ ነው።

ዙሪያውን ከድሮው ስዕል አትውሰጂ። ጎማ የለበሰ ሮለር ይበላል፤ ቶርኖ ቤት ተወስዶም ይሞረዳል። 200 የነበረው ዲያሜትር 196 ሲሆን 2 በመቶ ተቀነሰ ማለት ነው፤ ማሳያሽ 120 ሲል ጨርቁ በእውነት የሚሄደው 117.6 ነው። ይህን ማንም በዓይኑ አያየውም። የሚታወቀው በወሩ መጨረሻ፣ በመጋዘኑና በምርት ክፍሉ መዝገብ መካከል ጠብ ሲነሳ ነው። ስለዚህ ሜትር በሮለሩ ላይ ጠምጥመሽ ለኪ፤ ሮለሩ ቶርኖ ቤት ደርሶ በተመለሰ ቁጥርም እንደገና ለኪ።

4. መጀመሪያ የአሥርዮሽ ነጥቡን ቦታ፣ ከዚያ ሚዛኑን፣ ማለትም ፐልሱን ወደ ንባብ የሚለውጠውን ቁጥር አስገቢ። ብዙ መሣሪያዎች ላይ የነጥቡ ቦታ ከሚዛኑ በኋላ ከተቀየረ ንባቡ አሥር እጥፍ ይወጣል ወይም ይወርዳል፤ 120.0 የነበረው 12.00 ይሆናል።

ሚዛን የሚገባበት መንገድ ሁለት ዓይነት ነው። እንደ ሬድ ላየን ያሉት መሣሪያዎች ጥንድ ቁጥር ይጠይቁሻል፦ «በሴኮንድ ይህን ያህል ፐልስ ሲመጣ ይህን አሳይ»። ሌሎቹ አንድ ማባዣ ብቻ ይጠይቃሉ። ጥንዱን እወደዋለሁ፤ ምክንያቱም ማሽኑ የሚሠራበትን እውነተኛ ፍጥነት በቀጥታ ትጽፊያለሽ፦ 3,183 ኸርዝ ሲመጣ 120.0 በል። ማባዣ ከሆነ የምትጽፊው 0.0377 ነው፤ መሣሪያው ከነጥብ በኋላ ሦስት ቤት ብቻ የሚቀበል ከሆነ ደግሞ 0.038 ለማድረግ ትገደጃለሽ፤ ያኔ 120 የነበረው ወደ 121 ይጠጋል። በመሣሪያው አቅም የመጣ ስሕተት ነው፤ አንቺም ማወቅ አለብሽ፣ ፈረቃውም ማወቅ አለበት።

ለጠርሙሱ ቀላል ነው። ለአንድ ጠርሙስ አንድ ፐልስ ከሆነ በሴኮንድ 1 ፐልስ በሰዓት 3,600 ጠርሙስ ነው። ጥንዱን 10.0 ለ36,000 አድርጊው። በሰዓት 24,000 የሚሞላ መስመር በሴኮንድ 6.67 ፐልስ ይሰጣል። ይህን ቁጥር ያዢው፤ ቀጥሎ እንመለስበታለን።

አንዳንድ መሣሪያ ማሽኑ እየሄደ ሳለ የመጣውን ፐልስ ራሱ ይዞ «ይህ ስንት ነው ልበል?» የሚልበት መንገድም አለው። መስመሩ ወጥ ሆኖ ሲሄድና በእጅሽ የታመነ መለኪያ ሲኖር ጥሩ ነው። ያለዚያ የዚያች ቅጽበት መንገጫገጭ ቋሚ ሚዛን ሆኖ ይቀራል።

5. ለምን ያህል ጊዜ ቆጥሮ እንደሚናገር ወስኚ። የዘለለው ቁጥርሽ ጉዳይ ያለው እዚህ ነው።

ነርስ የልብ ምት ስትለካ 15 ሴኮንድ ቆጥራ በ4 ታባዛለች። አንድ ምት ብታልፋት ውጤቷ በ4 ይሳሳታል፤ ደቂቃውን ሙሉ ብትቆጥር ግን በ1 ብቻ። ቆጣሪውም እንዲሁ ነው። ድሮ የነበሩትና ርካሾቹ መሣሪያዎች የተወሰነ ጊዜ ከፍተው የገባውን ፐልስ ይቆጥራሉ። መስመርሽ በሰዓት 24,000 ሲሄድ በ1 ሴኮንድ ውስጥ የሚገባው ወይ 6 ወይ 7 ነው፤ ስድስት ተኩል የሚባል ፐልስ የለም። 6 ሲሆን ማሳያው 21,600 ይላል፤ 7 ሲሆን 25,200። መስመሩ እንደ ሰዓት ወጥ ሆኖ እየሄደ ሳለ ቁጥሩ በ3,600 ይዘልላል! ጊዜውን 10 ሴኮንድ ብታደርጊው 66 ወይም 67 ይገባል፤ ማሳያው በ23,760 እና በ24,120 መካከል ይመላለሳል። ያም ይዘልላል፣ ግን ሰው ሊኖርበት የሚችል መዝለል ነው።

የተሻሉት መሣሪያዎች በሌላ መንገድ ይሠራሉ። ከአንድ ፐልስ ጠርዝ ይጀምሩና ያስቀመጥሽላቸው ዝቅተኛ የማደሻ ጊዜ እስኪያልፍ ይጠብቃሉ፤ ከዚያ በኋላ በሚመጣው የመጀመሪያ ጠርዝ ላይ ይዘጋሉ፤ የገባውን የፐልስ ብዛት በመካከል ላለፈው ትክክለኛ ጊዜ ያካፍላሉ። እዚህ ቁራጭ ፐልስ የሚባል ጣጣ የለም። ወጥ ምንጭ ከሆነ በ1 ሴኮንድም 24,000 ይሉሻል። ጠርሙሶቹ ሲጠጋጉና ሲራራቁ ግን እነሱም የሚያዩትን ይናገራሉ፤ ያኔ ዝቅተኛውን የማደሻ ጊዜ ወደ 3 ወይም 5 ሴኮንድ ከፍ ማድረግ ነው።

ታዲያ ለምን 30 ሴኮንድ አድርገን አንገላገልም? ምክንያቱም ቁጥሩ የሚነግርሽ ያለፈውን ነው። ጊዜውን ባረዘምሽ መጠን ወሬው ይረጋል፣ ግን ይዘገያል። ኦፕሬተሩ ፍጥነቱን ጨምሮ ማሳያው ካልተንቀሳቀሰ እንደገና ይጨምራል፤ ቁጥሩ ሲደርስበት መስመሩ ከሚገባው በላይ ሄዷል። በመካከል ለ2 ሴኮንድ የተገታ ጠርሙስም በረጅሙ አማካይ ውስጥ ተውጦ ይጠፋል። እኔ የምከተለው ልማድ ይህ ነው፦ ሰው እያየ በእጁ የሚያስተካክለው ከሆነ ከ1 እስከ 2 ሴኮንድ፤ ከሩቅ ለሚታይ የምርት ቁጥር 5 ሴኮንድና ከዚያ በላይ። ከዚህ ውጪ የሄድኩበት ማሽን ቢኖርም በምክንያት ነበር።

የሚንቀጠቀጠው ንባብ በእያንዳንዱ ዙር የሚደጋገም ከሆነ፣ ማለትም አንዱ ብሎን ከሌሎቹ ራቅ ብሎ ከተገጠመ፣ ጊዜውን ቢያንስ አንድ ሙሉ ዙር እንዲይዝ አድርጊው። ከዚያ በላይ ግን ብሎኑን ማስተካከል ይሻላል።

6. ማሳያው ዜሮ አለ ማለት ማሽኑ ቆመ ማለት አይደለም። ይህን በደንብ ያዢልኝ።

ቆጣሪው «ቆሟል» የሚባል ነገር አያውቅም። የሚያውቀው «ፐልስ አልመጣም» የሚለውን ብቻ ነው። ስንት ጊዜ ጠብቆ ተስፋ እንደሚቆርጥ የሚነግረው ከፍተኛው የማደሻ ጊዜ ነው። ከፋብሪካ ሲመጡ ዝቅተኛው 1፣ ከፍተኛው 2 ሴኮንድ ሆነው የሚመጡ አሉ። አሁን በደቂቃ 20 ዙር የሚዞር ማደባለቂያ አንድ ብሎን ብቻ ይዞ ከቆጣሪው ጋር ተገናኘ እንበል። ፐልስ የሚመጣው በየ3 ሴኮንዱ ነው። ቆጣሪው 2 ሴኮንድ ጠብቆ ዜሮ ይላል። ማደባለቂያው ግን እየዞረ ነው። በዚህ ሴቲንግ በደቂቃ ከ30 ዙር በታች ያለ ሁሉ ለቆጣሪው እንደሌለ ነው።

መፍትሔው ከፍተኛውን ጊዜ 5 ሴኮንድ ማድረግ ነው፤ እስከ 12 ዙር ድረስ ያይልሻል። ሲሆን ሲሆን ግን ሦስት ብሎን ጨምሪና አራት አድርጊያቸው፤ ፐልሱ በየ0.75 ሴኮንዱ ይመጣል፣ ሁለቱንም ጊዜ ማሳጠር ትችያለሽ። የዚህ ሁሉ ዋጋው ብሎን ነው። ጊዜውን ማርዘም ደግሞ የራሱ ዕዳ አለው፦ ማሽኑ በእውነት ከቆመ በኋላ ማሳያው የመጨረሻውን ፍጥነት ይዞ ይቆያል።

በሁለቱም በኩል ቁጥሩ ሰውን ሊጎዳ ይችላል። ዜሮ አይቶ እጁን የሚያስገባ ሰው አለና። ስለዚህ የጽዳት ሠራተኞቹን ጭምር ሰብስበሽ ንገሪያቸው፦ እጅ የሚገባው ዋናው ማብሪያ ወርዶ፣ ቁልፍ ተቆልፎበት፣ በዓይን ታይቶ ነው። ማሳያ ለዚህ ምስክር አይሆንም።

7. ማሽኑ ቆሞ ቁጥር ካየሽ ኤሌክትሪኩን ጠርጥሪ። «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» እንደሚባለው፣ አንዳንድ ቆጣሪ ማንም ሳይጠራው ይመልሳል። የእኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ነው። የማግኔት ሴንሰር ሽቦ ተበጥሶ ወይም ሺልዱ ተላቅቆ ከመብራቱ መስመር ሞገድ ከለቀመ፣ በዙር 1 ፐልስ ተብሎ የተሞላ ቆጣሪ 50 ጊዜ 60፣ ማለትም 3,000 ያሳይሻል። ስለዚህ የቆመ ማሽን ላይ 3,000 ገደማ ወይም ለሚዛንሽ የሚስማማውን የ50 ኸርዝ ንባብ ካየሽ ሜኑ ውስጥ አትግቢ፤ ካቻቢቴሽን ይዘሽ ወደ ተርሚናሉ ሂጂ። የሴንሰር ገመድ ከኢንቨርተር ወደ ሞተር ከሚሄደው ገመድ ጋር በአንድ ትራንኪንግ አይሂድ። ሺልዱ በአንድ በኩል፣ በፓነሉ በኩል፣ ይታሰር፤ ሌላው ጫፍ በናስትሮ ተሸፍኖ ይቅር።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ሴቲንግ አለ፦ የመቁጠሪያ ፍጥነት ወሰን። የኦምሮንም የኦቶኒክስም ቆጣሪዎች በሴኮንድ 30 ብቻ የሚቆጥሩበት ቦታ አላቸው። የሜካኒካል ኮንታክት ሲነካካ የሚፈጥረውን መንቀጥቀጥ ለማጥራት የተሠራ ነው፤ ለሊሚት ስዊች ይሄዳል። ያን ሮለር ላይ ያለውን 3,183 ኸርዝ የሚሰጥ ኢንኮደር እዚህ ላይ ካስገባሽው ግን ወይ ዜሮ ወይ ትርጉም የሌለው ቁጥር ታያለሽ። ምልክቱን እወቂው፦ ማሽኑ በዝግታ ሲሄድ ንባቡ ትክክል ነው፤ ሲፈጥን ከፍ ማለቱን ያቆማል ወይም በድንገት ይወድቃል። የተገላቢጦሹም ያጋጥማል፤ ሊሚት ስዊች ወሰኑ ሳይደረግለት ከገባ አንዱ መነካት አራት አምስት ሆኖ ይቆጠራል።



8. ማጠጋጋትን መጨረሻ ላይ ተዪው። የመጨረሻው አሃዝ ሲንቀጠቀጥ ኦፕሬተር ይረበሻል፤ በ5 እንዲያጠጋጋ ብታደርጊ 122 የነበረው 120፣ 123 የነበረው 125 ይሆናል፤ ሁሉም ደስ ይለዋል። ግን መንቀጥቀጡ ከየት እንደመጣ ሳታውቂ አትሸፍኚው። የላላ ካፕሊንግ፣ ያረጀ ቀበቶ፣ ከዒላማው የራቀ ሴንሰር መጀመሪያ የሚታወቀው በዚያች በምትንቀጠቀጠው አሃዝ ነው። ሸፍነሽው ከሆነ የምትሰሚው በሌሊት ፈረቃ፣ ማሽኑ ሲቆም ነው።

9. ሪሌይ በፍጥነት ላይ ካሰርሽ የማደሻውን ጊዜ ዕዳ ሪሌዩም እንደሚከፍል አትርሺ። ማሳያው እስኪታደስ ሪሌዩ ምንም አያውቅም። ዝቅተኛ ፍጥነት ላይ ማንቂያ ስትሠሪ ማሽኑ ሲነሳ ሁልጊዜ ከዜሮ ስለሚጀምር ማንቂያው በየጠዋቱ ይጮኻል፤ ለዚህ የመነሻ ማዘግያ ወይም ማገጃ የሚባል ሴቲንግ አለ፤ ተጠቀሚበት። መግቢያና መውጫ ነጥቡንም አራርቂ፤ 100 ላይ በርቶ 100 ላይ የሚጠፋ ሪሌይ ኮንታክቱን በአጭር ጊዜ ይበላል። 100 ላይ በርቶ 105 ላይ ይጥፋ።

ከልክ ያለፈ ፍጥነት ሰው ወይም ማሽን የሚጎዳ ከሆነ ግን ጥበቃውን በዚህ ቆጣሪ ላይ አትጣይው። ሽቦው ቢበጠስ ንባቡ ዜሮ ይሆናል፤ ሪሌዩም ሁሉ ሰላም ነው ይላል። ለዚያ ሥራ ተብሎ የተሠራ የደህንነት ሪሌይ አለ፤ ያስገዙልሽ፣ ካልገዙም ጥያቄሽ በጽሑፍ ይኑር።

10. በሌላ መለኪያ ሳታረጋግጪ ሥራውን አታስረክቢ። በእጅ የሚያዝ ታኮሜትር ካለ ጥሩ። ከሌለ ስልክሽ ላይ ያለውን የሰዓት መቁጠሪያ ይዘሽ፣ የቆጣሪውን ድምር በትክክል በ5 ደቂቃ ልዩነት ሁለት ጊዜ ጻፊ፤ ልዩነቱን በ12 አባዢ። የሰዓት ፍጥነትሽ እሱ ነው፤ ድምሩ የታመነ ስለሆነ የፍጥነቱን ማሳያ በሱ ትፈትኚዋለሽ።

ሞተሩም ራሱ ይመሰክራል። ባለ 4 ፖል ሞተር በ50 ኸርዝ ያለ ኢንቨርተር ሲሄድ ከ1,500 ዙር በታች ነው፤ ጭነት ሲኖረው በኔም ፕሌቱ ላይ የተጻፈው 1,440 ወይም የዚያ ቅርብ ይሆናል። ቆጣሪሽ 1,560 ካለ ስሕተቱ የሚዛንሽ ነው። የአሜሪካ ማኑዋል ስታነቢ ተጠንቀቂ፤ እነሱ መብራታቸው 60 ኸርዝ ስለሆነ በዚያው ሞተር 1,800 ብለው ነው የሚጽፉት። የብርሃን ታኮሜትሩንም መፈተን ከፈለግሽ ስታርተር ባለው የድሮ ፍሎረሰንት መብራት ላይ አነጣጥሪው። መብራቱ በሴኮንድ 100 ጊዜ ስለሚርገበገብ 6,000 ገደማ ማንበብ አለበት። አሁን በበዛው ኤልኢዲ ላይ ይህ ዘዴ አይታመንም።

ፍተሻውን በአንድ ፍጥነት ብቻ አታድርጊ። ቀስ ብሎ፣ መካከለኛ፣ ሙሉ። ስሕተቱ በሁሉም ላይ በመቶኛ እኩል ከሆነ ሚዛኑን ወይም የፐልስ ብዛቱን ተሳስተሻል። ፍጥነት ሲጨምር ስሕተቱም ከባሰ ፐልስ እየጠፋ ነው፤ የመቁጠሪያውን ወሰንና የሴንሰሩን ርቀት እዪ። ማሽኑ ቆሞም ቁጥር ካለ ሞገድ እየገባ ነው። ከማኑዋሉ ይልቅ ይህች ልዩነት ብዙ ጊዜ አትርፋልኛለች።

ፍተሻው ካለቀ በኋላ ኃይሉን አጥፍተሽ አብሪው፤ ሴቲንጉ እንዳለ መቆየቱን እዪ። አዲሶቹ መሣሪያዎች መብራት ሲጠፋ አይረሱም። በባትሪ የሚያስታውሱ አሮጌዎች ግን ባትሪው ሲደክም ሁሉንም ይረሳሉ፤ መብራት በተደጋጋሚ በሚጠፋበት ቦታ ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም።

11. ቆልፊው፣ ጻፊው። የቁልፍ መቆለፊያውን አብሪ፤ ያለዚያ ሥራ የፈታ ጣት አንድ ቀን ሚዛኑን ይቀይራል። የይለፍ ቁጥሩን ግን ለብቻሽ አትያዢው፤ ለክፍል ኃላፊሽ በፖስታ ስጪ። በፓነሉ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ አንድ ወረቀት ለጥፊ፦ በዙር ወይም በጠርሙስ ስንት ፐልስ፣ የገባው ጥንድ ሚዛን፣ ሁለቱ የማደሻ ጊዜዎች፣ የተፈተነበት ቀን፣ የፈተነው ሰው ስም። በአማርኛ ይሁን፤ ሌሊት ፓነሉን የሚከፍተው ሰው ሁሉ እንግሊዝኛ ላያነብ ይችላል።

ለአንቺ መስመር ከዚህ ሁሉ መጀመሪያ የምትሞክሪው ዝቅተኛውን የማደሻ ጊዜ ነው፤ ጠርሙሶቹ ሲጠጋጉና ሲራራቁ ስለሚመጡ ከ1–2 ሴኮንዱ ልማዴ ወጥተሽ፣ አሁን ስንት ላይ እንዳለ አይተሽ ወደ 5 ሴኮንድ አምጪው፣ ከፍተኛውም ከሱ እንዲበልጥ አድርጊ፤ ከዚያ ኦፕሬተሮቹን አንድ ፈረቃ ሙሉ እንዲያዩት አድርጊና ጠይቂያቸው። ካልረጋ ደውይልኝ። ከመደወልሽ በፊት ግን ሴንሰሩ የት እንደተገጠመና ለአንድ ጠርሙስ ስንት ፐልስ እንደሚሰጥ አይተሽ ያዢ፤ መጀመሪያ የምጠይቅሽ እሱን ነው።